የሚደማ ድድ፤ ከዴልፍት እስከ ገርጂ

«ቡሩሹን ሳስነካው ይደማብኛል ልጄ፤ ስለዚህ ተውኩት።»

«መቼ ነው የተዉት እማማ?»

«ከፋሲካ በፊት መሰለኝ። ካረፈ ይድናል ብዬ ነበር።»

«እና ዕረፍቱ በጀው?»

«ምኑ ይበጀዋል! አሁንማ እንጀራ ስጎርስም ይደማል።»

በአያት፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲ መንገድ ዳርና ዳር፣ ከፋርማሲና ከካፌ በላይ በተከፈቱት የጥርስ ክሊኒኮች እንዲህ ያለ ንግግር የተለመደ ነው። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የወጣ ክፍለ ከተማ ነው፤ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ከመሀል ከተማውም ከክፍለ ሀገሩም የመጣ ሰው ተሰባጥሮ ይኖራል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ይለያያል፤ ታሪኩ ግን ያው ነው። ደማ፣ ፈራ፣ ተወው፣ ባሰበት።

የእናቲቱ ግምት ሞኝነት አይደለም። የቆሰለ እጅ ይታሰራል፣ ወለም ያለው እግር ያርፋል፤ የሚያመውን ነገር አለመነካካት ሁላችንም ከልጅነት የተማርነው ነው። ድድ ግን በዚህ ሕግ አይሄድም። የሚደማ ድድ ሲተዉት ይብስበታል፣ በአግባቡ ሲያጸዱት ይድናል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የሰው ልጅ በእርግጠኝነት ያወቀው ግን ከስድሳ ዓመት ወዲህ ነው። ከመጀመሪያው ፍንጭ እስከ ማረጋገጫው ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኘው ሐኪም አልነበረም። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሆላንዷ ዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዘመኑ ምሁራን የሚጻጻፉበትን ላቲንም አያውቅም። የሚያውቀው መስታወት ሞርዶ ማጉያ መሥራት ነው፤ በዚህ ደግሞ በዘመኑ የሚስተካከለው አልነበረም። ያየውን ሁሉ በራሱ ቋንቋ እየጻፈ ለንደን ወደሚገኘው የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1683 የላከው ደብዳቤ ስለ ራሱ ጥርስ ነው።

ሌቨንሁክ ጥርሱን የሚንከባከብ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት በጨው ያሸዋል፣ በውኃ ይጉመጠመጣል፣ ከምግብ በኋላ በስንጥር ይጎረጉራል፣ በጨርቅም ይወለውላል። በዕድሜ እኩዮቹ ዘንድ እንዲህ ንጹሕና ጤነኛ ጥርስ ያለው ሰው ጥቂት መሆኑን ራሱ ጽፏል። ሆኖም በማጉያው ሲያይ በጥርሶቹ መካከል እንደ ሊጥ የወፈረ ነጭ ነገር ተጣብቆ አገኘ። ያንን ነጭ ነገር ከንጹሕ የዝናብ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ሲመለከተው ይንቀሳቀሳል። ገሚሱ እንደ ዓሣ ይወረወራል፣ ገሚሱ ይሽከረከራል፣ ገሚሱ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ባክቴሪያን ከሰው አፍ አውጥቶ ያየ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በመላው አገሩ ከሚኖረው ሕዝብ ይልቅ በእርሱ አንድ አፍ ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት እንደሚበልጡ ሲጽፍ መገረሙ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። በሕይወት ዘመኑ ጥርሱን አጽድቶ ከማያውቅ አንድ ሽማግሌ አፍ ናሙና ሲወስድ ደግሞ ብዛታቸው ከሚገመተው በላይ ሆነበት።

ሌቨንሁክ በዚህ አላበቃም። በኮምጣጤ ተጉመጥምጦ ፍጥረታቱ ይሞቱ እንደሆነ ሞከረ። ያገኘው ውጤት ዛሬም ድረስ ልክ ነው፤ ኮምጣጤው የገደለው በቆሻሻው ገጽ ላይ ያሉትን ብቻ ነበር፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። በማጉያው ሥር ከቆሻሻው አውጥቶ ለየብቻ ኮምጣጤ ሲያፈስባቸው ግን ወዲያው ሞቱ። የአፍ ባክቴሪያዎች ተለያይተው የሚኖሩ አይደሉም። እርስ በርስና ከጥርሱ ጋር ተጣብቀው፣ ራሳቸው በሚሠሩት ሙጫ ተሸፍነው ይኖራሉ። ዛሬ ፕላክ የምንለው ይህን ነው። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ባለቀለም የአፍ መጉመጥመጫም ሆነ በቤት የሚዘጋጀው የጨው ውኃ የሚያጋጥመው ሌቨንሁክ የገጠመው ያው ቅጥር ነው። የተቆጣውን ድድ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ተጣብቆ የተቀመጠውን ግን አያነሳም። ለማንሳት መፋቅ ግድ ነው።

ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1692፣ አንድ እንግዳ ነገር አጋጠመው። ከፊት ጥርሶቹ ናሙና ሲወስድ በሕይወት ያለ ፍጥረት አጣ። ሲያሰላስል ትዝ ያለው ነገር ቢኖር በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ቡና መጠጣት መጀመሩ ነው፤ ያውም ላብ እስኪያሰምጠው ድረስ የሚያቃጥል። መነሻው ከኛ ምድር የሆነው ቡና የፊት ጥርሶቹን ባክቴሪያዎች በትኩሳቱ ገድሎ ነበር። ትኩሱ ቡና ወደማይደርስበት የኋላ መንጋጋ ሲሄድ ግን እንደ ወትሮው ሲርመሰመሱ አገኛቸው። በሦስተኛ ሲኒ ድዴን አድናለሁ ለሚል ሰው መልሱ ያኔውኑ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ሌቨንሁክ ያላደረገው አንድ ነገር ቢኖር እነዚያን ፍጥረታት ከሚደማ ድድ ጋር ማያያዝ ነው። ያ ሳይሆን ሁለት መቶ ዓመት አለፈ፤ ከዚያ በኋላም ጥያቄው ወደ ተሳሳተ መንገድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1910 ዊልያም ሃንተር የተባለ ብሪታኒያዊ ሐኪም ሞንትሪያል ውስጥ ባሰማው ንግግር ለብዙ የማይታወቁ ሕመሞች ምንጩ በአፍ ውስጥ ያለ መግል ነው አለ። ንግግሩ በአሜሪካና በእንግሊዝ የጥርስ ነቀላ ዘመን አስከተለ። መገጣጠሚያውን ያመመው፣ ጨጓራውን ያመመው፣ መንፈሱ የታወከ ሁሉ ጥርሱን ተነቀለ፤ ሕመሙ ግን አብሮ አልተነቀለም። በዚያ ዘመን መድኃኒት የተባለው ነገር ያደረሰውን ጉዳት ሳስብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከእነዚያ ጥርሶች ብዙዎቹ ሊድኑ የሚችሉ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ ሐኪም መድኃኒቱን አገኘሁ ብሎ ነበር። ቻርልስ ባስ በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ የቱሌን ዩኒቨርሲቲ የትሮፒካል በሽታዎች ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ከባልደረባው ከፎስተር ጆንስ ጋር ሆኖ መግል ከሚይዝ ድድ ውስጥ አሜባ አገኘ፤ የምናውቀው የሆድ አሜባ ዘመድ ነው። የሆድ አሜባን የሚገድል ኤሜቲን የተባለ መድኃኒት ደግሞ በእጅ ነበር። ስለዚህ ድዱ በመርፌ ይድናል ተባለ፤ ጋዜጦች አራገቡት። በኋላ ግን አሜባው በጤነኛ አፍም ውስጥ እንደሚገኝ ታየ፤ መርፌውም ድድ ሳያድን ተረሳ።

ባስ ለኔ ትልቅ ሰው የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ከሥራ ጡረታ ሲወጣ ማይክሮስኮፑን አልተወም። የተነቀሉ ጥርሶችን እየሰበሰበ ቆሻሻው በትክክል የት ላይ እንደሚቀመጥ ለዓመታት መረመረ። ቆሻሻው የሚበዛው ጥርሱና ድዱ በሚገናኙበት መስመር ላይና ከመስመሩ ትንሽ ወረድ ብሎ እንደሆነ አየ፤ ሰው ሁሉ ሲቦርሽ የሚዘለው ቦታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመው ዘዴ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሰጥ ትምህርት ነው። ለስላሳ ቡሩሽ ይያዛል፣ ጸጉሩ ወደ ድዱ መስመር 45 ዲግሪ ያህል ይዘነበላል፣ ሳይጫኑ በጣም አጭር በሆነ እንቅስቃሴ ወዲያና ወዲህ ይባላል፤ በጥርሶች መካከል ደግሞ ክር ያልፋል። በመርፌ የጀመረ ሐኪም በቡሩሽ ጨረሰ፤ ያረፈውም እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፣ በመቶ ዓመቱ።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የድድ በሽታን እርጅና ያመጣዋል፣ ዘር ያመጣዋል፣ የንክሻ አለመገጣጠም ያመጣዋል፣ የምግብ እጥረት ያመጣዋል የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። ቆሻሻው ምክንያት ነው ወይስ ከታመመ ድድ ላይ የሚከማች ምልክት? ይህን ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ድዱ ጤነኛ የሆነ ሰው ፈልጎ ጽዳት ማስቆም።

ያንን ያደረገው ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌያዊ ነው፤ ዴንማርክ ኦርሁስ በሚገኘው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ከኤልሴ ታይላዴና ከቦርግሉም ጄንሰን ጋር። 12 ጤነኛ ሰዎች መረጡ። 9ኙ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ አንዱ መምህር፣ ሁለቱ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ናቸው። ከተወሰነ ቀን ጀምሮ ቡሩሽ፣ ክር፣ ስንጥር፣ ሁሉም ተከለከለ። ተመራማሪዎቹ በየጊዜው ድዳቸውን ያያሉ፣ ከድዱ ጠርዝ ላይ ናሙና ይወስዳሉ።

በማይክሮስኮፕ የታየው ለውጥ በሥርዓት የሚሄድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በንጹሕ አፍም የሚገኙት ክብና ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች በዙ። ቀጥሎ ቀጫጭን ረጃጅሞቹ መጡ። በመጨረሻ እንደ ክር የሚጠማዘዙት ደረሱ፤ ሌቨንሁክ በደብዳቤው ሥዕል ላይ ካሳያቸው ዓይነቶች አንዱ። በዚህ ሂደት ውስጥ በ10 እና በ21 ቀን መካከል የሁሉም ድድ ተቆጣ። አንድም ሰው አላመለጠም። ዘር አልመረጠም፣ ወጣትነትም አልጋረደም።

ከዚያ ቡሩሽ ተመለሰላቸው። መድኃኒት አልተሰጣቸውም፣ ቫይታሚን አልተጨመረላቸውም፤ ማጽዳት ብቻ። በአንድ ሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ቀድሞ ጤናው ተመለሰ፤ ባክቴሪያዎቹም ወደ መጀመሪያው ዓይነት ተመለሱ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ። በሕክምና ታሪክ በሽታን ሆን ብሎ ፈጥሮ፣ በዚያው ሰው ላይ መልሶ አጥፍቶ፣ ምክንያቱን እንዲህ አጥርቶ ያሳየ ጥናት ብዙ የለም። የድድ መቆጣት ወይም ጂንጂቫይትስ ሊመለስ የሚችል በሽታ ነው የሚለው ዕውቀት የቆመው በእነዚያ 12 ሰዎች ላይ ነው።

በአያት ክሊኒክ ለተቀመጡት እናት መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻው ድዱ ጠርዝ ላይ ሲቆይ ሰውነት ሊከላከል ደም ወደ ቦታው ይልካል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ጥርሱን የሚነካው የድዱ ውስጠኛ ሽፋን ይሳሳል፣ ይቆስላል። ያ ቁስል ለዓይን አይታይም። ቡሩሹ ሲነካው ይደማል። ቡሩሹ ቁስሉን ያገኘዋል እንጂ አልፈጠረውም። ስለዚህ የደማው ቦታ በጥንቃቄና በየቀኑ መጽዳት ያለበት ቦታ ነው። ደሙ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቀጥላል፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይቆማል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ደግሞ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። በሁለት ሳምንት ካልቆመ የሐኪም እጅ የሚፈልግ ነገር አለ ማለት ነው።

ለእኛ የድዱ ደም ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ዋጋ አለው። የሕክምና መጻሕፍት የታመመ ድድ ይቀላል ይላሉ። የብዙዎቻችን ድድ ግን በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ መቅላቱ በቀላሉ አይታይም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ለውበት፣ ድድም እንዲጠነክርና ሕመም እንዲተው ተብሎ በመርፌና በጥላሸት የተሠራ ንቅሳት ነው። ያ ጥቁረት ያማረ ነው፤ ቆሻሻውን ግን አያስቆመውም፣ ከሥሩ ያለውን መቆጣትም ይሸፍናል። ስለዚህ በመስታወት ፊት ቀለም መፈለግ ለእኛ አይበቃም። ምራቅ ሲተፋ የሚታየው ቀይ መስመር፣ ጠዋት ትራስ ላይ የሚገኝ ነጠብጣብ፣ የአፍ ጠረን መለወጥ ይበልጥ ይናገራሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ይህም ምልክት ይነፈጋል፤ ትንባሆ የድዱን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ድዱ ሳይደማ ከሥር ይበላል።

«ቫይታሚን ሲ አንሶህ ነው፤ ብርቱካን ብላ» የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። መሠረት የሌለው ምክር አይደለም፤ በቫይታሚን ሲ እጥረት በሚመጣው በሽታ፣ በስከርቪ፣ ድድ ያብጣል፣ ይደማል። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ በመርከብ ላይ ለታመሙ ባሕረኞች ብርቱካንና ሎሚ ሰጥቶ ሲሻላቸው ያየው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹም በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች ውስጥ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ስከርቪ ታይቷል፤ ለወራት አትክልትና ፍራፍሬ ያልቀመሱ ሰዎች ነበሩ። ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም በየገበታው ላይ ለሚያገኝ የሰሚት ነዋሪ ግን የድዱ ደም ምክንያት ብዙውን ጊዜ የጥርሱ ጠርዝ ላይ ያለው ነው።

የኦርሁሱ ጥናት አንድ ጥያቄ ከፍቶ ሄደ። ድድ ሲቆጣ ሁሉም ሰው ጥርሱን ያጣል ማለት ነው? ሎ ይህን ሊመልስ ለዓመታት ደከመ። እ.ኤ.አ. በ1970 በስሪላንካ የሻይ እርሻዎች የሚሠሩ 480 ወንዶችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ። ቡሩሽ የማያውቁ፣ የጥርስ ሐኪም አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ድዱ የተቆጣ፣ ሁሉም ጥርሱ ላይ ድንጋይ የተጋገረበት ነበር። እስከ 1985 ከተከታተላቸው በኋላ በ1986 የታተመው ውጤት ብዙ ሐኪሞችን አስደነቀ። 8 ከመቶ የሚሆኑት ላይ በሽታው በፍጥነት ወደ ሥር ወርዶ አጥንቱን በልቶ ጥርሳቸውን በወጣትነት አራገፈ። 81 ከመቶ ላይ በዝግታ ሄደ። 11 ከመቶ ላይ ግን ከድድ መቆጣት አላለፈም፤ ዕድሜ ልክ ባልጸዳ አፍ ውስጥ አጥንታቸው አልተነካም።

ቆሻሻው ያው ነው፤ ሰው ግን አንድ አይደለም። ጂንጂቫይትስ ወደ ፔሪዮዶንታይትስ፣ ማለትም ጥርስን የያዘውን አጥንት ወደሚበላው በሽታ የሚሸጋገረው የሰውነት ምላሽ ሲዛባ ነው። ዛሬ ይህን ሽግግር ከሚያፋጥኑት መካከል በእርግጠኝነት የሚታወቁት ሲጋራና ቁጥጥር የሌለው ስኳር ናቸው። ስኳሩ ድዱን ያባብሳል፤ የተቆጣው ድድም በፈንታው ስኳሩን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርገዋል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን እንዲመረምር እንደሚነገረው ሁሉ ድዱንም እንዲያስመረምር ሊነገረው ይገባል። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ ድዱን አሳብጠው ጥርሱ ላይ ያወጡታል። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም አደገኛ ነው፤ ለሐኪም ነግሮ ማስለወጥ ግን ይቻላል። እርጉዝ ሴት ድዷ በቀላሉ የሚደማው በሆርሞን ለውጥ ነው፤ እርሷም ማጽዳቱን ማቆም የለባትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በከባድ የድድ በሽታ የተያዘው ሰው በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣል።

አሁን ወደ አገራችን የምንመጣበት ቦታ ነው፤ የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው እዚሁ ነውና። ሎ በስሪላንካ ሰዎቹን እየተከታተለ በነበረበት ዘመን ቤንግት ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በአርሲ የሕዝቡን ድድና የአፍ ንጽሕና ያጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ካሳተማቸው ጥናቶች አንዱ ለእኛ የቀረበ ጥያቄ ይዟል። መፋቂያ እና የፋብሪካ ቡሩሽ የአጸዳድ ትምህርት በሚሰጣቸው ተማሪዎች ላይ ቢነጻጸሩ የትኛው ይሻላል? መፋቂያው ቆሻሻ በማንሳት ከቡሩሹ አላነሰም።

ይህ ውጤት ከሚገባው በታች የተነገረለት ይመስለኛል። የወይራ፣ የክትክታ ወይም የልምጭ ቅርንጫፍ ቆርጠው በየመንገዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሚሸጡትን ልጆችና እናቶች የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ፕላስቲኩ ቡሩሽ ሲስፋፋ መፋቂያ የድኻ ነገር ተደርጎ ታየ። አርሲ ላይ የታየው ግን የሚያጸዳው የመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን መሣሪያው የሚደርስበት ቦታ መሆኑ ነው። የመፋቂያ ደካማ ጎን የታወቀ ነው። የፊት ጥርሶችን ውጭ አሳምሮ ያጸዳል፣ የመንጋጋውን ውስጠኛ ጎን ግን ይረሳል፤ ደረቅ እንጨት ሲሆን ድዱን ይፍቃል፣ ድዱም ይሸሻል። ፈትሉ እንደ ጸጉር እስኪለሰልስ ጫፉን ማላመጥ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ መፋቅ እንጂ በጎን አለመገዝገዝ፣ ያረጀውን ጫፍ ቆርጦ ማደስ፣ ወደ መንጋጋ ውስጥና ወደ ምላስ በኩል መድረስ ይገባል። መፋቂያ የለመደ ሰው ይዞት ይቀጥል፤ ማታ ሊተኛ ሲል ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ቢጨምርበት ጥርሱንም ከመበስበስ ይጠብቅለታል። በጥርሶች መካከል ግን መፋቂያም ቡሩሽም አይደርሱም። እዚያ ክር ወይም በፋርማሲ የሚገኘው ትንሹ የጥርስ መሐል ቡሩሽ ያስፈልጋል፤ የጥርሶቹ ክፍተት ሰፋ ላለ ሰው ሁለተኛው ይሻላል።

ቆሻሻው ከቆየ ግን በምራቅ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ ይደርቃል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ያየ ሰው ታርታርን ያውቀዋል፤ በስፖንጅ አይለቅም። እዚህ ደረጃ ላይ የሚረዳው በተለምዶ የጥርስ እጥበት የምንለው ነው። ስለ እጥበት ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር አለ። «ጥርሴን ካሳጠብኩ በኋላ ተነቃነቀ፣ ጥርሴ ሳሳ፣ መሐሉ ተከፈተ» ይባላል። የሚሆነውን ማወቅ ፍርሃቱን ይቀንሳል። ያበጠው ድድ ሲያጥር ቀድሞ በእብጠትና በድንጋይ ተሞልቶ የነበረው ክፍተት ይታያል፤ አጥንቱ ከዚያ በፊት ተበልቶ ነበር፣ ድንጋዩ ነው ደግፎ የያዘው። እጥበቱ ያሳየውን ጉዳት እጥበቱ አላመጣውም። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ በጥርሱና በድዱ መካከል ያለውን ጥልቀት ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው፤ 4ና ከዚያ በላይ ከሆነ ኪስ ተፈጥሯል ማለት ነው፤ ኪሱ ውስጥ ቡሩሽ አይገባም። ያኔ ከድዱ ሥር እስከ ጥርሱ ሥር ገጽ ድረስ ይጸዳል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለካል፤ የቀሩ ጥልቅ ኪሶች ካሉ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። የተበላ አጥንት በራሱ አይመለስም፤ መበላቱን ማስቆም ግን ይቻላል። ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ያንን አያደርግም፤ ኮምጣጤው ያልዘለቀውን ግንብ እንክብሉም አይዘልቀውም።

አንቲባዮቲክ በእርግጥ የሚያድንበት የድድ በሽታ አለ፤ ይህ ታሪክ የሚከፋበት ቦታም እርሱ ነው። ከለሚ ኩራ ብዙ ሳይርቅ፣ ገርጂ ላይ፣ በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል በምንለው ቦታ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የቀዶ ሐኪሞች ቡድን እያመጣ ፊታቸው የተበላ ሰዎችን ያክም ነበር። በሽታው ኖማ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ሕፃንን ነው። የሚጀምረው ከድድ ነው፤ ድዱ ይቆስላል፣ ይደማል፣ ይሸታል። ሕፃኑ የምግብ እጥረት ካለበትና ሰውነቱ በኩፍኝ ወይም በወባ ከተዳከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጩን አልፎ ይወጣል። ካልታከመ እስከ 90 ከመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። የተረፈው ልጅ አፉ አልከፈት ብሎ፣ ጉንጩ ወይም ከንፈሩ ጎድሎ ያድጋል። ሐኪሞቹ ከክንድ ወይም ከጭን ሥጋና ቆዳ ወስደው፣ ሰዓታት በሚፈጅ ሥራ ፊት ይሠሩለታል፤ አንዳንዱ ከአንድ ጊዜ በላይ ይታከማል።

ኖማ የአፍሪካ በሽታ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። በአውሮፓም ነበር፤ ከዚያ የጠፋው አንቲባዮቲክ ከመገኘቱ በፊት፣ የሕፃናት ምግብ ሲሻሻል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ውስጥ ረሀብ ሲመለስ እርሱም ተመለሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው፤ ይህን ያህል መዘግየቱ ያስቆጫል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያገኘው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕክምና በጣም የታወቀና ርካሽ ነው። አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል፣ በክሎርሄክሲዲን አፍ ማጠብ፣ ፕሮቲን ያለበት ምግብና ፈሳሽ። ቀድሞ ለመከላከል ደግሞ የኩፍኝ ክትባት። የተጎሳቆለ ወይም ከኩፍኝ የተነሳ ሕፃን ይዛ የመጣች እናት ስትገኝ፣ ክብደት የሚመዝነው ሰው ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ይመልከት፤ ቁስል፣ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ካየ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ያስጀምር፣ ሕፃኑንም ለቀጣይ ሕክምና ይላክ።